ተጎታች የመስክ ቤትን ከመንደር ቦኖ ጋር ማገናኘት

1. መግቢያ

በአዝመራ ወቅት ከማሳ ወደ ማሳ እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ሰዎች ማደሪያቸውን ይዘው መጓዛቸው የታወቀ ነው። የምርምር ቡድን አባላት፣ የዘር ብዜት ተቆጣጣሪዎች፣ እንዲሁም የኮምባይነር ሠራተኞች እንደ ሁኔታው ድንኳን ይተክላሉ ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት ይዘው ይመጣሉ። ተጎታች ቤት ወይም ካራቫን የምንለው በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የዕቃና የእጅ መታጠቢያ፣ እንዲሁም የራሱ የውኃ ታንክና ትንሽ ፓምፕ ያለው ነው።

ይህ ቤት ማሳ ዳር እንደ ቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ ውኃ ነው። ውኃው የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመንደሩ ቦኖ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ግቢ ቧንቧ ነው። እንግዳው ቡድን ቱቦውን ዘርግቶ ከቧንቧው ጋር ይገጥማል፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፤ ታንኩ ይሞላል። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ይሁን እንጂ አንድ ቱቦ ከመጠጥ ውኃ መስመር ጋር በተገጠመ ቁጥር የመንደሩ ሁሉ ጤና ከዚያ ቱቦ ጫፍ ጋር ይያያዛል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። ምክንያቱም ቱቦውን የሚገጥመው እንግዳው ቢሆንም፣ ፈቃዱን የሚሰጡትና ጉዳት ቢደርስ ከሕዝቡ ጋር የሚቀሩት እነርሱ ናቸው። እዚህ የተጻፈው ለተጎታች ቤት ብቻ ሳይሆን የፀረ ተባይና የፀረ አረም መርጫ በርሜል ለመሙላት፣ በትራክተር የሚጎተት የውኃ ታንክ ለመቅዳት፣ እንዲሁም የከብት ማጠጫ ገንዳ ለመሙላት ጭምር ያገለግላል።

2. በእኛ ላይ የደረሰው

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአንድ ደጋማ ቀበሌ የስንዴ ዝርያዎችን የዋግ በሽታ መቋቋም ለመመዝገብ አራት ሆነን በተጎታች ቤት ሰፍረን ነበር። ቀበሌው ከተራራ ምንጭ በቧንቧ የሚወርድ ውኃ አለው። ውኃው ከአንድ የኮንክሪት ማጠራቀሚያ ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቦኖ፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ቦኖ ይሄዳል። የሰፈርነው ከላይኛው ቦኖ አጠገብ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የተጎታቹን ታንክ ከሞላን በኋላ ቱቦውን ከታንኩ አውጥተን የጀርባ መርጫዎችን ወደምናጥብበት በርሜል ከተትነው። ቱቦው እየዘለለ እንዳይረጭብን ጫፉን እስከ በርሜሉ ታች አስገባነው። ቧንቧውን ሳንዘጋ ወደ ማሳ ወረድን። በበርሜሉ ውስጥ ዋግ ለመከላከል ከረጨነው መድኃኒት የታጠበው ውኃ ነበረበት። መድኃኒቱ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል ወተት የሚመስል ዓይነት ነው።

በዚያው ሰዓት የውኃ ኮሚቴው ሰዎች ማጠራቀሚያውን ለማጽዳት ዋናውን መዝጊያ ዘግተው ነበር። እኛ አላወቅንም፤ እነርሱም ቱቦ መግጠማችንን አላወቁም። አንዲት እናት በታችኛው ቦኖ እንስራቸውን ደቅነው ቧንቧውን ሲከፍቱ በመስመሩ ውስጥ የቀረው ውኃ ወረደ። እርሱ ሲያልቅ ቀጥሎ የመጣው ነጣ ያለና የሚሸት ነበር። እናታችን ሽታውን ስላወቁት ደፉት፤ ከኋላቸው የተሰለፉትንም ከለከሉ። እኛ ስንመለስ በርሜሉ ከአንድ ስንዝር በላይ ጎድሎ አገኘነው።

የታመመ ሰው አልነበረም። ሆኖም ሁለቱም ቦኖዎች ለሁለት ቀን ተዘጉ። መስመሩ በሙሉ ፈስሶ ታጠበ፤ ክሎሪን ተደረገበት፤ የወረዳው የውኃ ባለሙያዎችም መጥተው እስኪያዩት ድረስ ሴቶችና ልጆች ወንዝ ወረዱ። እኛም በመኪናችን ጀሪካን ስናመላልስ ዋልን። ይቅርታ ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ እኒያ እናት፣ «ልጆቼ፣ የጠየቃችሁንን ውኃ ሰጠናችሁ፤ የእናንተን ደግሞ ለእኛ ማጠጣታችሁ ለምንድን ነው?» አሉን። የምንመልሰው አልነበረንም። በዚያ ዓመት ባዘጋጀነው የመስክ በዓል ላይ ከጠበቅናቸው ገበሬዎች ከግማሽ በታች የሆኑት ብቻ ተገኙ። ስለ ዝርያው ያዘጋጀነው ትምህርት ሁሉ በአንድ ቱቦ ጫፍ ምክንያት ሰሚ አጣ።

ይህንን የምንጽፈው ጥፋቱ የእኛ ስለ ነበር፣ ጥፋቱም በሌላ ቦታ እንዳይደገም ነው።

3. ውኃ ለምን ወደ ኋላ ይመለሳል?

ብዙ ሰው በቧንቧ ውስጥ ውኃ ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። ወደ ፊት የሚገፋው ግን ግፊት ነው። ግፊቱ ሲጠፋ ውኃው ዝቅ ወዳለው ቦታ ይሄዳል፤ መንገዱ ወደ ኋላ ቢሆንም ግድ የለውም።

ከበርሜል ናፍጣ በቱቦ ስቦ የቀዳ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። የቱቦው አንድ ጫፍ በናፍጣው ውስጥ ከጠለቀና ሌላው ጫፍ ከዚያ ዝቅ ካለ፣ አንድ ጊዜ ከተሳበ በኋላ ናፍጣው የበርሜሉን ከንፈር ተሻግሮ ራሱ ይፈሳል። በእኛም ላይ የሆነው ይኸው ነው። በርሜሉ ከላይ፣ ታችኛው ቦኖ ከታች ነበር፤ በመካከላቸው ያለው ቧንቧ እንደ መሳቢያ ቱቦ ሆነ።

«የቦኖው ቧንቧ ከበርሜሉ በላይ አንድ ሜትር ከፍ ስለሚል ውኃው አይሻገረውም» የሚሉ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው በበርሜሉ ላይ ያረፈው የአየር ክብደት ሲሆን፣ በባሕር ወለል ላይ ውኃን እስከ 10 ሜትር ያህል ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ቦታው ከፍ ባለ መጠን አየሩ ስለሚሳሳ ልኩ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ እንደ ሆለታ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንኳ ወደ 7.7 ሜትር ይደርሳል። አንድ ሜትር የሚሆን የቦኖ ቁመት ምንም አያግደውም።

ግፊት በድንገት የሚጠፋባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ማጠራቀሚያው ለጽዳት ወይም ለጥገና ሲዘጋ፣

ለ/ ከታች በኩል ቧንቧ ሲሰበር ወይም ሲፈነዳ፣

ሐ/ ውኃው በፓምፕ የሚመጣ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ወይም ናፍጣ ሲያልቅ፣

መ/ በታችኛው ቦታ ብዙ ቧንቧዎች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣

ሠ/ አንድ ሰው ሞተር ፓምፕ በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኝቶ ሲስብ። ይህ የመጨረሻው እጅግ አደገኛ ነው። ምክንያቱም በመስመሩ ላይ ባሉ ስንጥቆች በኩል በአፈር ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ውኃም ይስባል። ስለዚህ ሞተር ፓምፕ ከመጠጥ ውኃ ቧንቧ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አይገናኝ።

እነዚህ ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚመጡ ናቸው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ሲሰጥ የቆየው ቱቦ መሳብ ሲጀምር ድምፅ አያሰማም።

4. ከመገናኘቱ በፊት፦ ስሌትና ስምምነት

ተጎታች ቤቱ ከመድረሱ በፊት የልማት ሠራተኛው የሚያስፈልገውን የውኃ መጠን ማስላት ይገባዋል። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ብንይዝ፣ አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን በቀን 60 ሊትር ይፈልጋል። ተጎታቹ 150 ሊትር የሚይዝ ታንክ ካለው አንድ ሙሊት ለሁለት ቀን ተኩል ይበቃል ማለት ነው።

ቀጥሎ የቦኖውን አቅም መለካት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደቅኖ በሰዓት መያዝ ይበቃል። ጀሪካኑ በ2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ከሞላ ቦኖው በደቂቃ 7.5 ሊትር ይሰጣል። ይህም በአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታ በሚታወቀው በስፌር መመሪያ ለ250 ሰው አንድ ቧንቧ ሲመደብ የሚታሰበው መጠን ነው። በዚህ ፍጥነት 150 ሊትር ታንክ ለመሙላት 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጀሪካን ተኩል ይቀዳ ነበር። ወረፋ ላይ ላሉት እናቶች ነገሩ የሚታያቸው በዚህ መልክ ነው፤ የልማት ሠራተኛውም በዚሁ መልክ ሊያየው ይገባል።

በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን (ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.) ለገጠር ነዋሪ የታቀደው በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ በቀን 25 ሊትር ለአንድ ሰው ነበር። እንግዳው ቡድን ከመንደሩ ሰው የበለጠ ድርሻ ሊወስድ አይገባም።

ስለዚህ ከውኃ ኮሚቴው ጋር በሚከተሉት ነጥቦች ላይ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

ሀ/ በሳምንት ስንት ጊዜና ስንት ሊትር እንደሚቀዳ፣

ለ/ የሚቀዳበት ሰዓት። የጧቱና የማታው ወረፋ ካለፈ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ እኩለ ቀን ገደማ ይሻላል።

ሐ/ የሚከፈለው ገንዘብ። መንደሩ የሚከፍለውን ያህል ወይም ኮሚቴው የወሰነውን ይክፈሉ፤ ደረሰኝም ይቀበሉ።

መ/ ማጠራቀሚያው ወይም መስመሩ የሚዘጋበት ቀን ሲኖር ማን ለማን እንደሚነግር። በእኛ ዘንድ የጎደለው ይህ አንድ ቃል ነበር።

5. የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ/ ለመጠጥ ውኃ ብቻ የተመደበ ቱቦ። ለመጠጥ ውኃ የተሠራ መሆኑ የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። ተራ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ በፀሐይ ሲግል ጣዕምና ሽታውን ለውኃው ይሰጣል። ስፋቱ 3/4 ኢንች ቢሆን ይሻላል፤ በተመሳሳይ ግፊት ከ1/2 ኢንቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ውኃ ያሳልፋልና። ርዝመቱ ከሚያስፈልገው በላይ አይሁን።

ለ/ ተስማሚ መገጣጠሚያ። በአገራችን ቦኖዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የእንግሊዝ ስታንዳርድ ጥርስ ሲሆን በ1/2 እና በ3/4 ኢንች መጠን በአንድ ኢንች ውስጥ 14 ጥርስ አለው። ከአሜሪካ የመጡ ተጎታች ቤቶች የቱቦ ጥርስ ግን በአንድ ኢንች 11.5 ነው። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ዙርም ይያያዛሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ይጣረሳሉ። በመፍቻ ኃይል ማጥበቅ የቦኖውን ጥርስ ያበላሻል፤ ቴፍሎን መጠቅለልም አያድነውም። መቀየሪያ መገጣጠሚያ ከከተማ ይዞ መምጣት ይገባል። ካልተገኘ ቱቦውን በቧንቧው አፍ ላይ አጥልቆ በማሰሪያ (ፋሼታ) ማጥበቅ ለታንክ መሙያ ይበቃል።

ሐ/ የላስቲክ ቀለበት (ጎሚኒ)። የቱቦ መገጣጠሚያ እንዳያፈስ የሚያደርገው ይህ ቀለበት ነው። መለዋወጫ ሁለት ሦስት ይያዝ። በሴኮንድ አንዴ የሚንጠባጠብ መገጣጠሚያ በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ውኃ ያባክናል፤ የቦኖውንም ዙሪያ ጭቃ ያደርጋል።

መ/ የግፊት መቀነሻና ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ። እነዚህ የሚያስፈልጉት ተጎታቹ በቀጥታ በግፊት ሲገናኝ ነው። ዝርዝሩ በቁጥር 7 ተገልጿል።

6. ታንኩን በአየር ክፍተት መሙላት

ለገጠር ቦኖ የምንመክረው ይህንን ዘዴ ነው። ተጎታች ቤቱ ከቦኖው ጋር የሚገናኘው ታንኩ በሚሞላበት ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ከሞላ በኋላ ቱቦው ይነሣል፤ ቤቱም በራሱ ፓምፕ ከታንኩ ይጠቀማል። አሠራሩ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የቦኖውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ መጥረግና ጥቂት በረኪና ባለበት ውኃ ማጠብ። በዚያ አፍ ላይ ሰዎች እጃቸውን አሳርፈዋል፤ ከብቶችም ልሰውት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቱቦውን ከቦኖው ጋር መግጠምና የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ደቂቃ ውኃ በጀሪካን መቀበል። በቱቦው ውስጥ የቆየው ውኃ ወደ ታንኩ አይግባ። የተቀበሉትን ለዛፍ ችግኝ ወይም ለእጅ መታጠቢያ ማዋል ይቻላል።

ሦስተኛ፣ የቱቦውን ጫፍ ከታንኩ መሙያ አፍ በላይ አራት ጣት (አንድ ጋት) ያህል ከፍ አድርጎ ማሰር። ዋናው ነገር ይህ ነው። በቱቦው ጫፍና በታንኩ ውኃ መካከል አየር ካለ፣ መስመሩ ቢስብ እንኳ የሚስበው አየር ብቻ ነው። የቧንቧ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልክ ክፍተቱ ከቱቦው የውስጥ ስፋት ሁለት እጥፍ ያላነሰ፣ በምንም ምክንያት ደግሞ ከ25 ሚሊ ሜትር ያላነሰ እንዲሆን ነው። እኛ ጋት የምንለው በቀላሉ ስለሚለካና ለጥንቃቄም ስለሚበልጥ ነው። ክፍተቱ የሚለካው ታንኩ ሞልቶ ሊፈስ ከሚችልበት ከንፈር ጀምሮ እንጂ በጎደለ ጊዜ ካለው የውኃ ወለል አይደለም።

የተጎታቹ መሙያ አፍ በጎኑ ላይ ጠባብ ሆኖ ከተሠራ ሰፋ ያለ ማንቆርቆሪያ (እንፉ) አስገብቶ ቱቦውን ከዚያ በላይ ማንጠልጠል ይቻላል። ማንቆርቆሪያው ለናፍጣ ወይም ለመድኃኒት ያገለገለ አይሁን።

አራተኛ፣ ከቱቦው አጠገብ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው እንዲቆም ማድረግ። «አሁን መጣሁ» ተብሎ የሚተው ቱቦ የጥፋት መጀመሪያ ነው።

አምስተኛ፣ ሲሞላ መጀመሪያ ቦኖውን መዝጋት፣ ቀጥሎ ቱቦውን ከቦኖው መፍታት፣ በመጨረሻም ውኃውን ከቱቦው አራግፎ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አጋጥሞ መስቀል። ቱቦ መሬት ላይ አይጎተት፤ ከዶሮና ከውሻ ይጠበቅ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልባቸው ደጋዎች ውኃ የቀረበት ቱቦ ሌሊት ሊቀዘቅዝና ሊሰነጠቅ ይችላል።

የመርጫ በርሜልን በተመለከተ ሕጉ ከዚህ ይጠብቃል። ቱቦ ወደ መርጫ በርሜል ፈጽሞ አይግባ። ውኃውን በጀሪካን ቀድቶ መገልበጥ፣ መድኃኒቱንም ከቦኖው ርቆ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ድካሙ ጥቂት ነው፤ ጥበቃው ግን ሙሉ ነው።

7. በቀጥታ በግፊት ማገናኘት

አንዳንድ ተጎታች ቤቶች ታንኩን ሳይነኩ የቧንቧውን ግፊት በቀጥታ ወደ ቤቱ መስመር የሚያስገባ ሁለተኛ መግቢያ አላቸው። ይህ ዘዴ በምርምር ጣቢያ ወይም በኅብረት ሥራ ማኅበር ግቢ ውስጥ፣ ቋሚ ኃላፊ ባለበት ቦታ ሊፈቀድ ይችላል። በመንደር ቦኖ ላይ ግን አንመክረውም፤ ቦኖውን ይዞ ስለሚቆይና ሁልጊዜ ክፍት የሆነ መንገድ ስለሚተው ነው።

በተፈቀደበት ቦታ ዕቃዎቹ ከቧንቧው ጀምሮ በዚህ ቅደም ተከተል ይገጠማሉ፦ መጀመሪያ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ፣ ቀጥሎ የግፊት መቀነሻው፣ ከዚያ ቱቦው፣ በመጨረሻ ተጎታቹ። ግፊት መቀነሻውን በተጎታቹ በኩል የሚገጥሙ አሉ። እንዲህ ከሆነ ቤቱ ይጠበቃል፤ ቱቦው ግን ሙሉውን ግፊት ተሸክሞ ይፈነዳል።

ግፊቱን ለመገመት የማጠራቀሚያውን ከፍታ ማወቅ ይበቃል። በየ10 ሜትሩ ከፍታ 1 ባር ገደማ ይጨምራል። ማጠራቀሚያው ከቧንቧው 45 ሜትር ከፍ ካለ 4 ባር ተኩል ያህል ግፊት አለ ማለት ነው። ሌሊት ሌሎች ቧንቧዎች ሁሉ ስለሚዘጉ ግፊቱ ወደዚህ ሙሉ ልክ ይጠጋል። ለተጎታች ቤት የሚሠሩ የተለመዱ መቀነሻዎች ግን ግፊቱን ከ40 እስከ 50 ፓውንድ በካሬ ኢንች፣ ማለትም ወደ 3 ባር ገደማ ያወርዱታል። በዚህም ምክንያት ቀን ደኅና የዋለ መገጣጠሚያ ሌሊት ሲፈነዳ ይገኛል። ሰዎቹ ሲተኙ ወይም ማሳ ሲወርዱ ቧንቧውን መዝጋት ግዴታ ነው።

አጋጁ ቫልቭ ደግሞ ያረጃል፤ አሸዋ ሲገባበትም ሳይዘጋ ይቀራል። ስለዚህ ቫልቭ አለ ተብሎ የቱቦ ጫፍ በቆሻሻ ውኃ ውስጥ አይነከርም። አየር ክፍተት አያረጅም፤ አሸዋም አያግደውም።

8. ታንኩን ማጽዳት

ተጎታች ቤት በዓመት ውስጥ ብዙ ወራት ቆሞ ይከርማል። በታንኩ ውስጥ የቀረው ውኃ አረንጓዴ ይሆናል፤ ይሸታልም። ስለሆነም በየወቅቱ መጀመሪያ፣ እንዲሁም ውኃው በተጠረጠረ ጊዜ፣ ታንኩ እንደሚከተለው ይጸዳል።

ሀ/ ያለውን ውኃ በሙሉ ማፍሰስ።

ለ/ ሽቶ የሌለው ባለ 5 በመቶ በረኪና በታንኩ አንድ ሊትር አንድ ሚሊ ሊትር ሒሳብ ማዘጋጀት። ለ150 ሊትር ታንክ 150 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ይህም በአንድ ሊትር ውኃ 50 ሚሊ ግራም ያህል ክሎሪን ይሰጣል። ለመድኃኒት መስፈሪያ ያገለገለ መለኪያ አይነካ።

ሐ/ በረኪናውን በባልዲ ውኃ በጥብጦ ወደ ታንኩ ማፍሰስ፣ ታንኩን መሙላት፣ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ የቤቱን ቧንቧዎች አንድ በአንድ ከፍቶ መዝጋት።

መ/ አራት ሰዓት ማቆየት፤ ከዚያ ሁሉንም አፍስሶ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ ማጠብ። የሚፈሰው ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ አይሂድ።

በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ስለሚያወጣ የተከለከለ ነው።

9. ከቤቱ የሚወጣው ውኃ

የገባው ውኃ መውጣቱ አይቀርም። የመታጠቢያ እጣቢ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ይፍሰስ፤ ጉድጓዱም ከምንጭ፣ ከውኃ ጉድጓድና ከቦኖ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ቢቻል በቁልቁለቱ በኩል ይሁን። ተጎታቹ የመጸዳጃ ታንክ ካለው የማፍሰሻው ቱቦ ሌላ ቀለም ይኑረው፤ በሌላ ሣጥንም ይቀመጥ። ያንን ታንክ ለማጠብ የመጠጥ ውኃውን ቱቦ መጠቀም እኛ በመርጫው በርሜል ከሠራነው ጥፋት የከፋ ነው።

10. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጥ ምክር

እንግዳ መቀበል ባህላችን ስለሆነ ቱቦ ይዞ የመጣን ሰው መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው የማኅበር መሪዎች አሉ። ነውር አይደለም። ተመራማሪውም ቢሆን፣ ባለ ኮምባይነሩም ቢሆን፣ ቧንቧውን ከመንካቱ በፊት የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ይቅረቡለት።

1ኛ/ ይህ ቱቦ ከዚህ በፊት ለምን አገለገለ?

2ኛ/ ጫፉ የሚያርፈው የት ነው? የአየር ክፍተቱስ ስንት ነው?

3ኛ/ ስንት ሊትር ትቀዳላችሁ? በየትኛውስ ሰዓት?

4ኛ/ ከቱቦው አጠገብ የሚቆመው ማነው?

5ኛ/ እጣቢያችሁ የሚፈሰው ወዴት ነው?

አጥጋቢ መልስ የሌለው እንግዳ በጀሪካን ይቅዳ። ማኅበራት በራሳቸው በኩል ደግሞ ለእንግዳ መኪናና ለመርጫ የሚሆን አንድ የተለየ መቅጃ ቢያዘጋጁ ይጠቀማሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከሰው ቁመት ከፍ ብሎ በጎሚቶ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጫፉ ላይ ቱቦ መግጠሚያ ጥርስ የሌለው ቧንቧ ይተከላል። ጥርስ ከሌለው ማንም ቱቦ አያጥብቅበትም፤ ታንኩም ከሥሩ ቆሞ በአየር ክፍተት ይሞላል።

11. ማጠቃለያ

በ2012 ዓ.ም. ወደዚያው ቀበሌ ስንመለስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ውኃ ኮሚቴው ነበር። ኮሚቴው ሦስት ነገር አዘዘን፤ በጀሪካን እንድንቀዳ፣ ከእኩለ ቀን በኋላ እንድንመጣ፣ መርጫችንን ከቦኖው ርቀን እንድናጥብ። ሦስቱንም ፈጸምን። ወቅቱ ሲጋመስ ቱቦ እንድንጠቀም ራሳቸው ፈቀዱልን፤ አንድ የኮሚቴ አባል ግን ክፍተቱን በጣቱ ሳይለካ ቦኖውን አይከፍትልንም ነበር። በመስክ በዓሉ ቀንም ገበሬዎቹ መጡ። እኒያ እናት ከፊት ረድፍ ቆመው ስለ ዋጉ ጠየቁን።

አዲስ ዝርያ፣ አዲስ ማዳበሪያ ወይም አዲስ መሣሪያ ይዞ ወደ ገበሬው የሚሄድ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የገበሬውን ውኃ እንዳገኘው መተው አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጋት አየርና አንድ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።